የሌሊቱ ቁልፍ ማን ዘንድ ነው?

በድሬዳዋና በሐረር በመኖሪያ ግቢ ውስጥ ስምንት፣ አሥር አረጋውያን ለምትጦሩ፦ በእሳት አደጋ ሥራ ጡረታ የወጡት አባላችን ይመልሳሉ።

ከሳቢያን፦ ጋሼ፣ ስንት የእሳት ማጥፊያ እንግዛ?

መልስ፦ ስንት ክፍል፣ ስንት መውጫ አላችሁ? ይህን ሳትነግረኝ ቁጥር አልጠራም።

ከከዚራ፦ አንዲት እናት የመርሳት ችግር አለባቸው። ሌሊት ወጥተው እንዳይጠፉ በሩን በጓጉንቸር እንቆልፋለን፤ ቁልፉ ተረኛዋ ኪስ ውስጥ ነው።

መልስ፦ የምፈራው ይህንኑ ነበር። ጭስ ከነበልባል ይቀድማል፤ የተኛን ሰው ሳይነቃ ይገድለዋል። ተረኛዋ በጨለማ ኪሷን ስትዳብስ ይታይሽ! የቤቱ በር ከውስጥ ያለ ቁልፍ፣ በእጀታ ብቻ ይከፈት። ለእናታችን በሩ ሲከፈት የሚጮህ ደወል ስቀሉ። የመስኮቱም የብረት ፍርግርግ ከውስጥ የሚከፈት ይሁን። ከዚያ ልምምድ አድርጉ፤ ቀን ሠራተኛው ሁሉ ባለበት ሳይሆን ሌሊት፣ በተረኞቹ ብቻ። መራመድ የማይችሉትን ብርድ ልብስ ላይ አድርጋችሁ በራስጌ በኩል ጎትቱ፤ ሊሾ ወለል ላይ አንዲት ሴት ብቻዋን ትችላለች። ስትወጡ የሚነደውን ክፍል በር ዝጉት፤ የተዘጋ በር ጭሱን ያዘገየዋል።

ከመጋላ፦ መብራት ሲጠፋ ሻማ እንለኩሳለን።

መልስ፦ አጎበር በተዘረጋበት ክፍል? የእጅ ባትሪ ግዙ።

ከጀጎል፦ እኛ ዘንድ ሌሊት ይበርዳል፤ የከሰል ምድጃ እናስገባለን። የጭስ ደወሉ ግን ለቡናው ዕጣን ሁሉ ስለሚጮህ ባትሪውን አወጣነው።

ከመጋላ፦ የሐረር ብርድ ደግሞ ብርድ ሆኖ ነው? እኛ በሙቀት እንቅልፍ አጥተናል።

ከጀጎል፦ ሰማንያ ዓመት ሲሞላህ ናና እደርና ንገረኝ።

መልስ፦ የአየር ጠባይ ክርክሩን ሌላ ቦታ! ባትሪውን ዛሬውኑ መልሱ፤ ቡናው በረንዳ ላይ ይፈላ። ከሰል የሚያወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ የሚባለው ገዳይ ጋዝ ሽታም ቀለምም የለውም፤ የጭስ ደወልም አያውቀውም። ምድጃውን ትታችሁ ብርድ ልብስ ጨምሩ። ደግሞም የእሳት አደጋ መኪና በጀጎል መተላለፊያ አይገባላችሁም፤ ስትደውሉ በየትኛው የግንቡ በር እንደሚቀርብ ተናግራችሁ መንገድ የሚመራ ሰው ላኩ።

ከድሬዳዋ፦ በሩን መቆለፍ ይፈቀዳል?

መልስ፦ ከላይ አንብብ።

ከሳቢያን፦ ሰባት ክፍል፣ ሁለት መውጫ። በጓሮው በር ላይ ግን ትርፍ ፍራሽ ደርድረንበታል።

መልስ፦ እንግዲያው መውጫህ አንድ ነው። ፍራሹን አንሳና ስለ ማጥፊያው ነገ ጠይቀኝ።