«ወፍ ተምረሽ ማን ይቀጥርሻል?»

ጥያቄ፦ የሦስተኛ ዓመት የባዮሎጂ ተማሪ ነኝ፤ ቤታችን ሱሉልታ ነው። ከጓሯችን ጥዶች ውስጥ ጀርባቸው ጥቁር፣ ሆዳቸው ነጭ የሆኑ ሁለት ወፎች አሉ። አንዷ እንደ ፉጨት ያለ ድምፅ ስታሰማ ሌላዋ ወዲያው በሻካራ ድምፅ ትቀበላታለች፤ ላላያቸው ሰው አንድ ወፍ ነው የሚመስሉት። ወፎች አብረው መኖራቸው ድምፃቸውን እንዴት እንደሚቀርጸው የመመረቂያ ጥናቴ ላድርገው ብል ጓደኞቼ ሳቁብኝ። አባቴም «ወፍ ተምረሽ ማን ይቀጥርሻል? ሳይረፍድብሽ አካውንቲንግ ግቢ» አለኝ። እውነት ይሄ ነገር ሙያ ይሆናል?

መልስ፦ እህቴ፣ ከአባትሽ ልጀምር፤ ያነሡት ጥያቄ ተገቢ ነው። «የወፍ ድምፅ ተመራማሪ እንፈልጋለን» የሚል ማስታወቂያ አራት ኪሎ ሰሌዳ ላይ ተለጥፎ አታገኚም። ባዮሎጂ የተመረቁ ልጆች በብዛት የሚሰማሩት በመምህርነት ነው። በዲግሪሽ ማግስት በዚህ ስም ደመወዝ ታገኛለሽ ብዬ ተስፋ አልሰጥሽም። ሦስት ዓመት የለፋሽበትን ጥለሽ ከዜሮ አካውንቲንግ መጀመር ግን ለእኔ አይታየኝም። የሳቁብሽ ጓደኞችሽ ደግሞ ተሳስተዋል፤ ምን ያህል ትልቅ ነገር እንደጠየቅሽ ስላልገባቸው ነው።

ዘማሪ ወፎች ዝማሬያቸውን ከትልልቆቹ እየሰሙ የሚማሩ ፍጥረታት ናቸው። (እንጦጦ ላይ የምታያቸው መንቁረ ወፍራም ቁራዎችም፣ ጆሮ ባይወድላቸውም፣ በሳይንሱ አመዳደብ ከዚሁ ወገን ናቸው።) ፒተር ማርለርና ሚዋኮ ታሙራ እ.ኤ.አ. በ1964 ባሳተሙት ጥናት፣ ካሊፎርኒያ ውስጥ ያለች አንዲት የድንቢጥ ዝርያ ከሰፈር ሰፈር የሚለያይ ዘዬ እንዳላትና ጫጩቱም ዘዬውን ከጎረቤቶቹ እንደሚማር አሳዩ። ጫጩት የሚማረው ከሚሰማው ከሆነ ታዲያ፣ ማን አጠገቡ እንዳለ፣ ስንት ሆነው እንደሚኖሩ፣ ማን እንደሚመልስለት ሁሉ ድምፁ ውስጥ ይገባል ማለት ነው። አንቺ የጠየቅሽው ይህንን ነው።

እኔን በጣም የሚያስደንቀኝ የሜሬዲት ዌስትና የአንድሩ ኪንግ ሥራ ነው። ያጠኑት ካውበርድ የሚባለውን የአሜሪካ ወፍ ነው። ሴቷ አትዘምርም። ወንዱ ሲዘምርላት ግን የወደደችው ክፍል ላይ ሲደርስ ክንፏን ለቅጽበት ፈታ ታደርጋለች፤ ወንዱ ያቺን ያየ እንደሆነ ያንኑ ክፍል ይደጋግመዋል። እ.ኤ.አ. በ1988 ይህን ሲያሳትሙ፣ ዝም ያለች ወፍ የሌላውን ዝማሬ ልትቀርጽ እንደምትችል ማስረጃ አቀረቡ። ይህ በዱር ሳይሆን ተይዘው በሚኖሩ ወፎች ላይ የተሠራ ነው። ቶድ ፍሪበርግ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2006 ቺካዲ በሚባሉ ትንንሽ ወፎች ላይ ባሳተመው ጥናት፣ በርከት ብለው የሚኖሩት ጥቂት ሆነው ከሚኖሩት ይልቅ የተወሳሰበ ጥሪ እንደሚጠቀሙ አሳየ፤ ብዙ ጎረቤት ያለው ብዙ የሚነግረው ነገር አለው። እነዚሁ የቺካዲ ወገኖች አዳኝ ሲያዩ የሚያሰሙት ጥሪም እንደ አዳኙ ዓይነት ይለያያል። ትልቁ ጉጉት እነሱን ለመያዝ ቅልጥፍና ስለሌለው ብዙም አያስጨንቃቸውም፤ ለትንሿና ለፈጣኗ ጉጉት ግን የጥሪውን መጨረሻ እየደጋገሙ ያስረዝሙታል።

አሁን ወደ ጓሯችሁ እንምጣ። ከገለጻሽ እንደገመትኩት ወፎቹ የኢትዮጵያ ቡቡ የሚባሉት ናቸው። ዊልያም ቶርፕ የሚባል የካምብሪጅ ሊቅ እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ ምሥራቅ አፍሪካ መጥቶ የጥንዶችን ቅብብል ሲያጠና፣ ካተኮረባቸው ወፎች አንዷ የዚህችው የቡቡ የቅርብ ዘመድ ነበረች። አንዷ ከጮኸች በኋላ ሌላዋ ለመመለስ የምትወስደውን ጊዜ ለክቶ፣ ወፎች ምን ያህል ፈጥነው እንደሚሰሙና እንደሚመልሱ ከዚያ ገመተ። ስምጥ ሸለቋችን ውስጥም የምትገኝ አንዲት የሸማኔ ወፍ ዝርያ አለች፤ በቡድን ትኖራለች፣ ጥንዱም እየተቀባበለ ይዘምራል። እ.ኤ.አ. በ2019 የወጣ ጥናት ደቡባዊ አፍሪካ ውስጥ በዱር ካሉ የዚህች ወፍ ጥንዶች ላይ የአንጎል እንቅስቃሴ ቀድቶ፣ ሁለቱ ሲቀባበሉ የአንጎላቸው ሥራም አብሮ እንደሚገጥም አሳይቷል።

እዚህ ላይ ልብ እንድትይልኝ የምፈልገው ነገር አለ። የወፍ ዝማሬ ሳይንስ የተገነባው በአብዛኛው በአውሮፓና በሰሜን አሜሪካ ወፎች ላይ ነው። እዚያ የሚዘምረው በብዛት ወንዱ ስለሆነና ዝማሬውም በመራቢያ ወቅት ስለሚጎላ፣ ዝማሬ የወንድ ነገር ተደርጎ ለረጅም ጊዜ ተጻፈ። እ.ኤ.አ. በ2014 የወጣ ሰፊ ጥናት ግን መረጃ ከተሰበሰበላቸው የዘማሪ ወፍ ዝርያዎች በ71 በመቶዎቹ ሴቷም እንደምትዘምር አሳየ። ዓመቱን ሙሉ ተጣምረው ግዛታቸውን እየጠበቁ የሚዘምሩ ጥንዶች የሚበዙት እንደ እኛ ባለ አገር ነው። ከ850 በላይ የወፍ ዝርያ ባለበት አገር፣ ድምፃቸው በወጉ የተጠናው እጅግ ጥቂት ናቸው። የውጭ ተማሪ ይህን ለማጥናት ቪዛና በጀት ጠይቆ ለጥቂት ወራት ይመጣል። አንቺ ግን ጠዋት ከቤት ወጥተሽ፣ ቁርስ ሳይደርስ ሥራሽን ትጨርሻለሽ፤ ክረምትም በጋም እዚያው ነሽ።

ሱሉልታም እያየሽው እየተለወጠ ነው። ጥዱ ይቆረጣል፣ ባሕር ዛፉ ይተከላል፣ አጥሩ ብሎኬት ይሆናል፣ የከባድ መኪናው ድምፅ ቀንና ሌሊት አያቋርጥም። ሆላንድ፣ ላይደን ከተማ ውስጥ ሁካታ በበዛበት ሰፈር የሚኖሩ ግሬት ቲት የሚባሉ ወፎች ወፍራሙን ድምፃቸውን አቅጥነው እንደሚዘምሩ እ.ኤ.አ. በ2003 ታውቋል። አውስትራሊያ ውስጥ ደግሞ ሪጀንት የምትባለው ማር በል ወፍ ቁጥሯ እጅግ ከመመናመኑ የተነሣ፣ ወጣት ወንዶቹ የሚያስተምራቸው ትልቅ ወፍ አጥተው የሌላ ዝርያ ዝማሬ ሲዘምሩ ተገኙ፤ እ.ኤ.አ. በ2021 የወጣው ጥናት እንደሚለው ከወንዶቹ 12 በመቶ ያህሉ እንዲህ ሆነዋል። ጎረቤት ሲጠፋ ቋንቋም አብሮ ይጠፋል። በከተማ ዳር የሚኖር ሰው ይህን ከማንም ቀድሞ ሊያስተውለው ይችላል።

እንግዲህ ዋናው ምክሬ ይኸውልሽ፦ ወፎችሽን አንድ በአንድ ለይተሽ ዕወቂ። ማን ለማን እንደሚጮህ ካላወቅሽ ስለ ማኅበራዊ ኑሯቸው የምትጽፊው ሁሉ ግምት ይሆናል። በዚህ ዘርፍ ሰውን የሚያስከብረው ይህ ነው፤ ቀጣሪም የሚፈልገው ይህንኑ ትዕግሥትና ጥንቃቄ ነው።

ትልልቅ ጥናቶች ለዚህ ወፉን በመረብ ይዘው እግሩ ላይ ባለቀለም ቀለበት ያስራሉ። አንቺ ይህን አትሞክሪ፤ የሠለጠነ ሰውና ከኢትዮጵያ ዱር እንስሳት ጥበቃ ባለሥልጣን ፈቃድ ይጠይቃል። ለመመረቂያ ጥናት የሚበቃው ግዛታቸውን ካርታ ላይ ማውጣት ነው። የትኛው ጥንድ ከየትኛው አጥር እስከየትኛው ዛፍ እንደሚጮህ በስልክሽ ጂፒኤስ ምልክት እያደረግሽ መዝግቢ። ቡቡ ወንዱና ሴቷ በመልክ ስለማይለዩ ጽሑፍሽ ላይ «ወንዱ ጀመረ፣ ሴቷ መለሰች» ብለሽ እንዳትጽፊ፤ «የጀመረው» እና «የተቀበለው» በይ። ፈታኝሽ መጀመሪያ የሚይዝሽ እዚህ ላይ ነው።

ለመቅዳት ስልክሽ ለጊዜው ይበቃል። ድምፅ ሳይጨምቅ በዌቭ (WAV) ፋይል የሚያስቀምጥ መተግበሪያ ጫኚ፤ ቀርበሽ ቁሚ፣ እጅሽን አታንቀሳቅሺ። ቅጂው ሲያልቅ ሳታጠፊው ቀኑን፣ ሰዓቱን፣ ቦታውንና ወፎቹ ምን ያደርጉ እንደነበር በራስሽ ድምፅ ተናገሪ። የቅዳሴው ወይም የአዛኑ ድምፅ ማጉያ፣ የሚያልፈው ሲኖትራክ ካለ እሱንም ጥቀሺ። ከዚያ ቅጂውን ሬቨን ላይት ወይም ኦዳሲቲ በሚባሉት ነጻ ሶፍትዌሮች ክፈቺው። ስፔክትሮግራሙ (ድምፁን በሥዕል የሚያሳየው) ላይ ጊዜ ከግራ ወደ ቀኝ ይሄዳል፣ የድምፁ ቅጥነት ወደ ላይ ይወጣል። ፉጨቱ አንድ ቀጭን ንጹሕ መስመር ሆኖ ይታይሻል፤ ሻካራው መልስ ደግሞ ከላይ እስከ ታች የተቀባ ሰፊ ጥላ። በሁለቱ መካከል ያለችውን ክፍተት በሚሊ ሴኮንድ ለኪያት። የጥናትሽ ቁጥር እሷ ናት። ከአስፋልቱ ዳር ያሉት ጥንዶችና ራቅ ብለው ጥዱ ውስጥ ያሉት ለመቀባበል የሚወስድባቸው ጊዜ ይለያያል? ይህ በአንድ ሴሚስተር የሚመለስ ጥያቄ ነው።

አንድ ነገር አደራ እልሻለሁ። ከአንድ ጥንድ መቶ ቅጂ ብትሰበስቢ መቶ ናሙና የለሽም፤ ያለሽ አንድ ጥንድ ነው። ብዙ ተማሪ የሚወድቅበት ጉድጓድ ይህ ነው። ከጓሯችሁ ወፎች መቶ ጊዜ ከምትቀጂ፣ ከየመንገዱ ዳርና ከየጥዱ ውስጥ የቻልሽውን ያህል የተለያየ ጥንድ ፈልጊና ከእያንዳንዱ ጥቂት ቅጂ ያዢ። የተቀዳ ድምፅ እያጫወትሽ ወፍ መጥራትም፣ በተለይ ጎጆ አጠገብ፣ ይቅርብሽ፤ ወራሪ የመጣ መስሏቸው ይረበሻሉ። ከመውጣትሽ በፊት ከዲፓርትመንትሽ የድጋፍ ደብዳቤ ይዘሽ ለቀበሌው አሳዪ። ማለዳ አጥር ሥር ቆሞ ስልክ ወደ ሰው ግቢ የሚያነጣጥር ሰው መጠየቁ አይቀርም። ገበሬዎቹን በኦሮምኛ አናግሪያቸው፤ ወፏን ከአንቺ ቀድመው ያውቋታል።

እንጀራው ከየት ይመጣል? የነፋስ ኃይል ማመንጫ፣ መንገድ ወይም ግድብ ሲሠራ የአካባቢ ተፅዕኖ ግምገማ ይደረጋል፤ ወፍ በድምፁ የሚለይ ሰው እዚያ ያስፈልጋል፣ በተለይ ስምጥ ሸለቋችን የስደተኛ ወፎች ትልቅ መንገድ ስለሆነ። አውሮፕላን ማረፊያዎችም ወፍ ከአውሮፕላን እንዳይጋጭ የሚከታተል ባለሙያ ይፈልጋሉ። ብሔራዊ ፓርኮች፣ እ.ኤ.አ. በ1966 የተመሠረተው የኢትዮጵያ የዱር እንስሳትና የተፈጥሮ ታሪክ ማኅበር፣ ወፍ ለማየት የሚመጡ ቱሪስቶችን የሚያስጎበኙ ድርጅቶችም አሉ። ብዙው ሥራ በኮንትራት የሚሠራ እንጂ ቋሚ አይደለም፤ ይህን አባትሽ ይወቁት። ስታቲስቲክሱን ግን አር (R) በሚባለው ሶፍትዌር አጥብቀሽ ከተማርሽ የጤና ጥናትም ይሁን የግብርና ዳሰሳ ይቀጥርሻል። ጨክነሽ ተማሪው፤ በወፍ ሥራ ባጣሽ ጊዜ እንጀራ የሚያወጣልሽ እሱ ነው።

ለማስተርስ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የእንስሳት ሳይንስ ትምህርት ክፍል አለ፣ ወንዶ ገነትም የዱር እንስሳት ትምህርት አለ። ከአገር ውጭ ናይጄሪያ፣ ጆስ የሚገኘው የሌቨንቲስ የወፍ ምርምር ተቋምና የኬፕታውን ዩኒቨርሲቲው ፊትዝፓትሪክ ተቋም አፍሪካውያን ተማሪዎችን ያሠለጥናሉ። እስከዚያው የቀዳሻቸውን ድምፆች ዜኖ ካንቶ፣ ያየሻቸውን ወፎች ኢበርድ በሚባሉት ድረ ገጾች ላይ በስምሽ አስገቢ። ስኮላርሺፕ ስታመለክቺ የማያውቅሽ ፕሮፌሰር ከሲቪሽ በፊት እነሱን ያያል። የመውጫ ፈተናውንና የድኅረ ምረቃ መግቢያ ፈተናውን ግን ለወፍ ብለሽ ችላ እንዳትይ።

ለአባትሽ ስለ ወፍ አትከራከሪያቸው። ዕቅድሽን አንድ ገጽ ላይ ጽፈሽ አሳዪያቸው፦ ጥናቱ መቼ እንደሚያልቅ፣ ከእሱ ጎን ምን ሶፍትዌር እንደምትማሪ፣ ከተመረቅሽ በኋላ ማስተርሱ ካልተሳካ መምህርነት እንደምትይዢና በምን ያህል ጊዜ መልሰሽ እንደምታመለክቺ። ያንኑ ገጽ፣ የመቀባበያዋን ጊዜ ጥያቄ ጨምረሽበት፣ የጥናት ርዕስ ማስገቢያው ሳያልፍ ለአማካሪ መምህርሽ ውሰጂ። መምህሩ የወፍ ሰው ካልሆኑ ዲፓርትመንቱ ውስጥ የሚያግዝ ሌላ ሰው እንዲጠቁሙሽ ጠይቂ። ረቂቁን ለእኔም ላኪልኝ፣ አነብልሻለሁ።