መልስ፦ ባለ 10 አሃዙ አይኤስቢኤን (የመጽሐፍ መለያ ቁጥር) ላይ 978 ስጨምርበት ሲስተሙ ለምን አይቀበለኝም?

ወደ ባለ 13 አሃዝ ለመቀየር ከፊቱ 978 መጨመርዎ ልክ ነው፤ ችግሩ ያለው የመጨረሻዋ አሃዝ ላይ ነው። ከሌሎቹ አሃዞች የምትሰላ ማረጋገጫ ስለሆነች እንዳለች አትወሰድም፣ እንደገና ትሰላለች።

0-306-40615-2ን እንውሰድ። 2ን ጥለው 978 ሲያስቀድሙ 978030640615 ይሆናል። ከግራ ጀምረው አሃዞቹን በየተራ በ1 እና በ3 እያባዙ ይደምሩ፤ 93 ይመጣል። በ0 የሚያልቀውን ቀጣይ ቁጥር፣ 100ን፣ ለመሙላት 7 ስለሚጎድል ትክክለኛው 978-0-306-40615-7 ነው። ድምሩ ራሱ በ0 ካለቀ ማረጋገጫዋም 0 ናት።

በአሮጌ መጻሕፍት አይኤስቢኤን መጨረሻ ላይ ኤክስ (X) ካዩ የኅትመት ስህተት እንዳይመስልዎ፤ 10ን ነው የምትወክለው። ባለ 13 አሃዙ ላይ ግን የለችም።

በኤክሴል የሚመዘግቡ ከሆነ ዓምዱን አስቀድመው ቴክስት ያድርጉት። አለበለዚያ የፊቷን 0 ይበላትና 9 አሃዝ ብቻ ይቀርልዎታል፤ ብዙ ካታሎግ የሚበላሸው በዚህ ነው።