የጠፈር ሳይንቲስት ለመሆን ቦሎቄ ማብቀል ይጠቅማል?

ጥያቄ፦ «ድሬዳዋ ሳቢያን የምኖር የ11ኛ ክፍል ተማሪ ነኝ። ለትምህርት ቤታችን የሳይንስ ኤግዚቢሽን “የመሬት ስበት በዕፅዋት እድገት ላይ ያለው ተጽዕኖ” የሚል ሙከራ ልሠራ አስቤያለሁ። ምኞቴ የጠፈር ሳይንስ ነው። ጓደኞቼ ግን “ገበሬ ልትሆኚ ነው እንዴ?” እያሉ ይስቁብኛል። ለወደፊት ሥራዬ ይጠቅመኛል ወይስ ጊዜዬን እያባከንኩ ነው?»

መልስ፦ የድሬ ልጅ ካልቀለደ ያመዋልና ጓደኞችሽን ተያቸው። ሙከራውን ሥሪው። ርዕሱን ግን አጥብቢው። ሳቢያን ቁጭ ብለሽ ስበትን ማጥፋት አትችዪም። ተክሉን አዙረሽ ስበቱ በሌላ አቅጣጫ እንዲመጣበት ማድረግ ግን ትችያለሽ። ስለዚህ እንዲህ ጠይቂ፦ የበቀለ የቦሎቄ ሥር በጎኑ ሲጋደም ወደ ታች ለመታጠፍ ስንት ሰዓት ይፈጅበታል? ጫፉ ቢቆረጥስ?

ወጪው እዚህ ግባ የሚባል አይደለም። ቦሎቄውን ውኃ ውስጥ አሳድሪና እርጥብ ሶፍት ላይ ደርድሪው። አሮጌ የሲዲ መያዣ ውስጥ ከተሽ አቁሚው። ሥሩ ሁለት ሴንቲሜትር ገደማ ሲደርስ መያዣውን ሩብ ዙር አዙሪው። ዘሮቹን ሦስት ቦታ ክፈያቸው፦ ሳይቆረጡ የዞሩ፣ ከጫፋቸው አንድ ሚሊሜትር ያህል ተቆርጠው የዞሩ፣ ጨርሶ ያልተነኩ። ሦስተኛዎቹ ማወዳደሪያሽ ናቸው። ለያንዳንዱ ቢያንስ አሥር ዘር ያዢ፤ በሁለትና በሦስት ዘር የሚያምንሽ ዳኛ የለም።

ሁሉንም ጨለማ ካርቶን ውስጥ አድርጊ። ብርሃንም ተክልን ያጣምማል፤ ያኔ የቱ ምን እንዳደረገ መለየት ያቅትሻል። የድሬን ሙቀት ደግሞ አትናቂው። ቆርቆሮው ሥር ካለ መደርደሪያ ይልቅ ወለሉ ላይ አስቀምጪው፤ ሶፍቱ እንዳይደርቅም ጠዋት ማታ እይው። ፎቶ ስታነሺ ማስመሪያ አጠገቡ ይኑር፣ ስልኩም ሁልጊዜ በአንድ ርቀት ይሁን። ማዕዘኑን በፕሮትራክተር ለኪ።

ሳይቆረጡ የዞሩት በሰዓታት ውስጥ ማጎንበስ ይጀምራሉ። የተቆረጡት ቢያንስ ለጊዜው አቅጣጫው ይጠፋባቸዋል። ሥሩ ጫፍ ላይ ስታርች የያዙ ከባድ ቅንጣቶች ያሏቸው ሴሎች አሉ። ሥሩ ሲጋደም ቅንጣቶቹ ወደ ታችኛው ጎን ይወርዳሉ። ኦክሲን የሚባለው ሆርሞንም ወደዚያው ያዘነብላል። ሥር ላይ ኦክሲን ሲበዛ እድገት ይዘገያል። የላይኛው ጎን እየረዘመ ሲሄድ ሥሩ ወደ ታች ይታጠፋል።

መሣሪያ የለኝም ብለሽ አትጨነቂ። በ1806 እ.ኤ.አ. ቶማስ ናይት የተባለ እንግሊዛዊ ችግኞችን በወራጅ ውኃ በሚሽከረከር መንኮራኩር ላይ አስሮ ነው የሞከረው። መሽከርከሩ እንደ ስበት ሆኖ ወደ ውጭ ስለሚገፋቸው ሥሮቹ ወደ ውጭ፣ ግንዶቹ ወደ መሐል አደጉለት።

አሁን ወደ ወደፊት ሥራሽ እንምጣ። እኔን ከጠፈሩ ይልቅ የሚያጓጓኝ የእርሻው በኩል ነው። በ2013 እ.ኤ.አ. የጃፓን ተመራማሪዎች ሩዝ ላይ ሥር ለስበት የሚሰጠውን ምላሽ የሚወስን ዘረ-መል አሳወቁ። በዚያ ዘረ-መል ሥሩ ይበልጥ ወደ ታች የጠለቀው ሩዝ ድርቅን በተሻለ ተቋቋመ። የሐረርጌን ማሽላ አስቢው፤ ዝናብ ሲዘገይ ምን እንደሚሆን ካንቺ በላይ አያትሽ ያውቃሉ። ዝርያ አሻሻይ፣ የዕፅዋት ፊዚዮሎጂ ባለሙያ፣ የዘረ-መል ተመራማሪ ሁሉ እዚህ ጉዳይ ላይ እንጀራ አላቸው።

ጠፈሩም ቢሆን ከእርሻ አይርቅም። በ2015 እ.ኤ.አ. ጠፈርተኞች ጣቢያቸው ውስጥ ያበቀሉትን ሰላጣ በልተዋል። እኛም በታኅሣሥ 2012 ዓ.ም. የመጀመሪያዋን ሳተላይት ስናመጥቅ አንዱ ዓላማ ግብርናን ከላይ መከታተል ነበር። ታዲያ በየትኛውም በኩል ብትሄጂ ባዮሎጂና ሒሳብ ይጠብቁሻል። በተለይ ስታቲስቲክስን አትሽሺው።

ለዩኒቨርሲቲም ሆነ ለስኮላርሺፕ ስታመለክቺ «ስበት ላይ ሠርቻለሁ» ብቻ ብለሽ አትለፊ። ስንት ዘር እንደተጠቀምሽ፣ ስንት እንደሻገተ፣ ስንት ዲግሪ በስንት ሰዓት እንደታጠፈ ጻፊ። ከኤግዚቢሽኑ በፊት ደግሞ አንድ ቀን የደንገጎን ዳገት ወጥተሽ ሐረማያ ዩኒቨርሲቲ ሂጂ። ዕፅዋት ላይ የሚሠራ መምህር ፈልገሽ ደብተርሽን አሳዪው። «እዚህ ላይ ምን ይጎድለኛል?» በይው። ያለ ቀጠሮ ከሄድሽ ግን በር ላይ ልትመለሺ ትችያለሽና አስተማሪሽ ቀድሞ ይደውልልሽ።