ሥራዬን ልልቀቅ ወይስ ምልክት ልጠብቅ?

ጥያቄ፦ መምህር፣ 43 ዓመቴ ነው። አዲስ አበባ ነው የምኖረው፣ በአንድ የግል ባንክ 17 ዓመት ሠርቻለሁ። ባለትዳርና የሦስት ልጆች አባት ነኝ። ብር ከተዳከመበት ከሐምሌ 2016 ወዲህ ደመወዜ ወሩን አያደርሰኝም፣ ልቤም ከሥራው ከወጣ ቆይቷል። ከልጅነቴ ጀምሮ እንጨት ሥራ እወዳለሁ፣ የቤት ዕቃ እየሠራሁ ብኖር ደስ ይለኛል። አንዱ ጓደኛዬ «እምነት ካለህ ልቀቅ» ይለኛል። ሌላው «በተጠራህበት ኑር ይላል ቃሉ» ይለኛል። በፍልሰታ ሱባኤ ይዤ ምልክት ለመንኩ፣ ምንም አላየሁም። ሁለት ወረቀት ጽፌ ዕጣ ላውጣ እንዴ? ባለቤቴን ላለማስጨነቅ ብዬ እስካሁን አልነገርኳትም።

መልስ፦ ወንድሜ፣ ከጻፍከው ሁሉ ያሳሰበኝ የመጨረሻው ነገር ነው። እግዚአብሔርን ጠይቀሃል፣ ጓደኞችህን ጠይቀሃል፣ እኔንም ጠየቅክ። ሚስትህን ግን አልጠየቅካትም።

ስለ ሱባኤና ስለ ጸሎት አልነግርህም፣ ታውቀዋለህ። መናገር የምፈልገው ስለ ምልክቱ ነው፣ ምክንያቱም ይሄ ነገር በአንተ አልተጀመረም። ሥራ ሊቀይር፣ ቤት ሊሸጥ፣ ውጭ ሊሄድ ያሰበ ሰው ሁሉ እንዲህ እያለ ይመጣል። አንዱ ሕልም ይጠብቃል፣ አንዱ ወረቀት ጠቅልሎ መጽሐፍ ቅዱስ ውስጥ ያስቀምጣል፣ ሌላው «አባ ይዩልኝ» ብሎ ገዳም ለገዳም ይዞራል። ቀረብ ብለህ ስትጠይቀው ግን ብዙውን ጊዜ ያልተነጋገረው ሰው አለ፣ ወይም ያልቆጠረው ገንዘብ አለ። ምልክቱን የሚፈልገው ከዚያ ለመሸሽ ነው። ነገ ነገሩ ቢበላሽ «እግዚአብሔር ነው ያለኝ» ለማለት እንዲመቸው። ይህ እምነት አይደለም ወንድሜ። ኃላፊነትን በእግዚአብሔር ላይ መጣል ነው።

ሰዎች ጌዴዎንን ይጠቅሱልኛል። ጌዴዎን ምልክት ፈልጎ የበግ ፀጉር አውድማ ላይ ያኖረው እኮ እግዚአብሔር አስቀድሞ በግልጽ ከላከው በኋላ ነው፣ መሳፍንት ምዕራፍ 6ን ከላይ ጀምረህ አንብበው። ማትያስም በይሁዳ ምትክ በዕጣ ተመርጧል፣ እውነት ነው። ግን ሐዋርያት መስፈርቱን አውጥተው፣ ሁለት ሰው ለይተው፣ ጸልየው ነው ዕጣ የጣሉት፣ ያውም መንፈስ ቅዱስ ሳይወርድ በፊት። ከወረደ በኋላስ? በሐዋርያት ሥራ 15 ላይ ትልቅ ጥያቄ ሲነሣ ተሰበሰቡ፣ ብዙ ክርክር ሆነ፣ ጴጥሮስ ተናገረ፣ በርናባስና ጳውሎስ ተናገሩ፣ ያዕቆብ ፍርድ ሰጠ። ከዚያ በኋላ ነው እኛና መንፈስ ቅዱስ ፈቅደናል ብለው የጻፉት። አየህ፣ የእግዚአብሔርን ፈቃድ ያገኙት በውይይት ውስጥ ነው። አንተ ደግሞ የምትወያያት ሴት ከአንተ ጋር አንድ ሥጋ የሆነች ናት። ላለማስጨነቅ መደበቅህን ፍቅር አድርገህ አይተኸው ይሆናል። ግን የቤት ኪራዩንና የልጆቹን ክፍያ አብራህ የምትሸከም ሴት ሳትሰማ የተወሰነ ውሳኔ ሲደርሳት ከድንጋጤው በላይ መገለሉ ነው የሚጎዳት።

ጓደኞችህን በተመለከተ፣ «እምነት ካለህ ልቀቅ» ያለህ ሰው ደግ ልብ ይኖረዋል፣ ምክሩ ግን አደገኛ ነው። ጌታን በመቅደስ ጫፍ አቁሞ «ራስህን ወርውር፣ መላእክት ይጠብቁሃል» ያለው ማን እንደሆነ አስታውስ። ያውም ከመዝሙር ጠቅሶ ነው። ጌታም «ጌታ አምላክህን አትፈታተነው» አለው። ስለ ቤተሰቡ የማያስብ ሰው ከማያምን ይከፋል የሚለው የጳውሎስ ቃል (1ኛ ጢሞ. 5፥8) ለመንፈሳዊ ሰው አይቀልለትም።

ሁለተኛው ጓደኛህ የጠቀሰልህ 1ኛ ቆሮንቶስ 7፥20 ነው። የሚቀጥለውን ቁጥር አላነበበልህም። ባሪያ ሆኖ የተጠራ ሰው አርነት መውጣት ከቻለ አርነትን ይቀበል ይላል። ባንክ ቤት መቀጠር ምሥጢረ ቤተ ክርስቲያን ወይም ክህነት አይደለም፣ ብትተወው ኃጢአት የለብህም።

ሌላም ነገር ጠርጥሬአለሁ፣ አንተ ባትጽፈውም። ክራቫት ያሰረ ሰው መጋዝ ሲይዝ ዘመድ ምን ይላል? በእኛ አገር የእጅ ሥራ ሲናቅ ነው የኖረው። ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ሠራተኛን በሥራው መስደብን በአዋጅ እስከመከልከል ደርሰው ነበር፣ ንቀቱ ግን ዛሬም አልጠፋም። የናዝሬት ሰዎችም ጌታን «ይህ ጸራቢ አይደለምን?» ብለው ተሰናከሉበት፣ ማርቆስ 6፥3። የሚያስፈራህ ይሄ ከሆነ በደንብ ልንገርህ፣ አትፍር። ቤተ ክርስቲያን የምታመልከው ጌታ እንጨት የጠረበ ነው።

እንግዲህ ምን ላድርግ ካልከኝ፣ ሉቃስ 14፥28 ላይ ያለው ሰው ግንብ ሊሠራ ሲያስብ አስቀድሞ ተቀምጦ ኪሳራውን ይቆጥራል። አንተም ከሚስትህ ጋር ተቀመጥ። ከባንኩ የሠራተኛ ብድር ካለብህ ስትለቅ ወለዱ ወደ ገበያው ዋጋ ይወጣ እንደሆነ፣ ወይም ሙሉውን ክፈል ትባል እንደሆነ ውልህን አይተህ እወቅ። ለጡረታ ከደመወዝህ 7 በመቶ፣ ከአሠሪህ 11 በመቶ ሲቀመጥልህ ኖሯል፣ ካቆምክ በኋላ ምን እንደሚሆን ጠይቅ። የዕቁቡን፣ የሕክምናውን፣ የመስከረሙን የትምህርት ቤት ክፍያ ጻፉት። የሼዱን ኪራይና የማሽኑን ዋጋም ከጎኑ ጻፉ። ደግሞ ወዲያው መልቀቅ ምን አስቸኮለህ? በሕጉ 17 ዓመት የሠራ ሰው ከ20 የሥራ ቀን በላይ የዓመት ፈቃድ አለው። እሱን ይዘህ ከአንድ አናጺ ጋር ዋል፣ ሰው ገንዘብ ከፍሎ የሚወስደው ዕቃ ሥራ። ማታ ማታም ሞክር። እሑድን ግን አትንካት፣ ቅዳሴ እየተውክ የጀመርከው ሥራ በረከቱን ከየት ያመጣል? ጳውሎስ እንኳ ወንጌል እየሰበከ ድንኳን ይሰፋ ነበር (ሐዋ. 18፥3)፣ ሁለቱን አብሮ ማስኬድ ነውር የለውም።

ባለቤትህ «አሁን አይሆንም» ልትል ትችላለች። ያኔ እምነት የላትም ብለህ እንዳትፈርድባት። ፍርሃቷ ውስጥ አንተ ያላየኸው ነገር ሊኖር ይችላል፣ ጠይቃት፣ እስከመጨረሻው አድምጣት። ካልተስማማችሁ ሁለታችሁም አብራችሁ ወደ ንስሐ አባታችሁ ሂዱ። እንዲያዩላችሁ ሳይሆን እንዲመክሯችሁ።

ዕጣውን ተወው። ዛሬ ማታ ልጆቹ ሲተኙ ንገራት። ከዚያ የተባባላችሁትን ጻፍልኝ፣ እሷም የምትጠይቀኝ ካላት ራሷ ትጻፍልኝ።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።