በምስሉ ጠርዝ የሚጠፉት ሕዋሳት

ከደብረ ማርቆስ የጻፉልን ጠያቂ በዳፒ (ከዲኤንኤ ጋር ተጣብቆ ሰማያዊ በሚያበራ ቀለም) የቀለሙትን የአይጥ አንጎል ቁራጭ ፎቶ አንሥተው በፊጂ (በነጻ የምስል መተንተኛ ሶፍትዌር) ሲያስቆጥሩ፣ በምስሉ መሃል ያሉት ኒውክሊየሶች (የሕዋሳቱ እምብርቶች) ተጣብቀው ሁለቱም ሦስቱም እንደ አንድ ይቆጠሩባቸዋል፤ በቀኝ ጠርዝ ያሉት ደግሞ በዓይን እየታዩ ከቆጠራው ይወጣሉ። የብርሃን ወሰኑን፣ ማለትም ሶፍትዌሩ ከዚያ በላይ የደመቀውን ብቻ የሚቆጥርበትን ልክ፣ ዝቅ ሲያደርጉት መሃሉ ይባስ ይጣበቃል፣ ከፍ ሲያደርጉት ጠርዙ ባዶ ይቀራል። ስለዚህ ሶፍትዌሩን ልቀይር ወይ ብለው ይጠይቃሉ።

አይቀይሩ። እንዲህ ያለ ቆጠራ ሳይ መጀመሪያ የምጠረጥረው የማይክሮስኮፑን መብራት ነው። የሜርኩሪ አምፖሉ ባለፈው ዓመት በርካሽ ተገዝቶ መተካቱን፣ የኤሌክትሪክ ኃይልም ቶሎ ቶሎ እንደሚቋረጥ መጻፍዎ ጥርጣሬዬን አጠንክሮታል። ባሕር ዳር ውስጥ ስጠግን ካየኋቸው ርካሽ አምፖሎች ብዙዎቹ ገና ሳያረጁ የሚያበራው ነጥባቸው ከመሃል ይሸሻል፤ ትኩስ አምፖል ኃይሉ እንደተመለሰ ወዲያው ሲለኮስ ደግሞ ጉዳቱ ይብሳል። ነጥቡን ወደ መሃል ለመመለስ ማስተካከያ ብሎኖቹን ከውጭ ያዙሩ። የመብራቱን ቤት ግን አጥፍተው ቢያንስ 30 ደቂቃ ሳይቆዩ አይክፈቱት፤ የጋለ የሜርኩሪ አምፖል በውስጡ ከፍተኛ ግፊት ስላለው ሊፈነዳ ይችላል፣ እንፋሎቱም መርዝ ነው።

መብራት ሲያዘነብል ቆጠራው ለምን እንደሚሳሳት ላስረዳ። ምስሉን መሬት ነው እንበል፤ ደማቁ ፒክስል ከፍታ፣ ጨለማው ዝቅታ፣ እያንዳንዱ ኒውክሊየስም ኮረብታ ይሆናል። የብርሃን ወሰን ማለት በዚህ መሬት ላይ የሚሞላ ውኃ ሲሆን፣ ሶፍትዌሩ የሚቆጥረው ከውኃው በላይ የቀሩትን ደሴቶች ብቻ ነው። ጣና ከክረምት በኋላ ሲሞላ ዝቅ ያለው ዳርቻ እንደሚሰጥም፣ በበጋ ሲጎድል ደግሞ ተለያይተው የነበሩ ጉብታዎች በደረቅ መሬት እንደሚገናኙ ያየ ሰው ነገሩ ወዲያው ይገባዋል። አሁን መሬቱ ራሱ ወደ ቀኝ አዘነበለ እንበል። ውኃው ለጥ ያለ ስለሆነ፣ በከፍተኛው ወገን ሸለቆዎቹ ሳይሰጥሙ ኮረብታዎቹ እንደ አንድ ደሴት ይቆጠራሉ፤ በዝቅተኛው ወገን ግን ያንኑ ያህል ቁመት ያላቸው ኮረብታዎች ከነጫፋቸው ይሰጥማሉ። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1979 የታተመው የኦትሱ ዘዴ የውኃውን ልክ በጥሩ ስሌት ይመርጣል፤ ለመላው ምስል የሚመርጠው ግን አንድ ልክ ብቻ ስለሆነ ያዘነበለውን መሬት ሊያቀናው አይችልም።

መሬቱን የሚያቀናው የብርሃን እርማት ነው። ወጥ ሆኖ የሚያበራ ስላይድ በዚያው ሌንስና በዚያው ማጣሪያ፣ በትንሽ በትንሹ እያንሸራተቱ አሥር ጊዜ ያንሡና አማካዩን ይውሰዱ፤ ብርሃኑን ዘግተውም አንድ የጨለማ ምስል ያንሡ። ሁሉንም ወደ 32 ቢት ለውጠው፣ ጨለማውን ከሁለቱም ላይ ቀንሰው፣ የአንጎሉን ምስል በአማካዩ ያካፍሉት። መብራት ብርሃንን የሚያባዛ ነገር ስለሆነ ማካፈል እንጂ መቀነስ አያርመውም።

ከእርስዎ በፊት የነበረው ሠራተኛ ምስሉን በኮምፒውተር አድምቆ በጄፔግ ያስቀመጠበት ልማድ እጅግ አሳዝኖኛል። እንዲህ ሲደረግ የኮረብታዎቹ ጫፍ ተቆርጦ ሜዳ ይሆናል፣ የተቆረጠውንም የሚመልስ ሶፍትዌር የለም። እነዚያን ምስሎች ትተው ስላይዶቹን እንደገና ያንሡ፤ ጥሬውን ምስል በባለ 16 ቢት ቲፍ ያስቀምጡ።

ከእርማቱ በኋላ መለኪያውን በማይክሮሜትር ያስገቡና የተጣበቁትን ኒውክሊየሶች በ‹ዋተርሼድ› (በመካከላቸው መስመር እየሳለ በሚቆርጠው የፊጂ ትእዛዝ) ይለያዩ። 8 ማይክሮሜትር ስፋት ያለው ክብ ኒውክሊየስ 50 ካሬ ማይክሮሜትር ያህል ስለሚይዝ፣ ከ20 በታች ያለውን እንደ ብናኝ መጣል ይቻላል። በሂፖካምፐስ (ለማስታወስ በሚያገለግለው የአንጎል ክፍል) ውስጥ ያለው፣ ዴንቴት ጃይረስ የሚባለው ቦታ ጥቅጥቅ ያለ የሕዋስ ሽፋን ግን በ‹ዋተርሼድ› በደንብ አይለይም፤ ለእሱ ብቻ ስታርዲስትን፣ ማለትም የኒውክሊየስን ቅርጽ ከምሳሌ ተምሮ የሚለየውን የፊጂ ተጨማሪ ፕሮግራም፣ ይጠቀሙ።

ይህን ሁሉ ከመጀመርዎ በፊት ስላይዱን ግማሽ ዙር አዙረው አንድ ፎቶ ያንሡ። ጉድለቱ እንደ ቀድሞው በቀኝ ጠርዝ ከቀረ ጥፋቱ የመብራቱ ነው፤ አምፖሉን የሚለውጡትም ከሆነ፣ ደግሜ እላለሁ፣ ሳይቀዘቅዝ አይንኩት። ጉድለቱ ከአንጎሉ ጋር ወደ ግራ ከዞረ ግን ግምቴ ተሳስቷል፤ ያን ጊዜ ቁራጩ በዚያ ወገን ቀለም በደንብ አልገባው ወይም ከመስታወቱ ላይ ተነሥቶ ከፎከስ ውጭ ሆኖ ይሆናልና በዚያ በኩል ይፈልጉ።