ሲሞቅ የሚቆራርጥ አሮጌ ሞተር ሳይክል፦ ካርቡሬተሩን እንደገና ከማስፈታትህ በፊት

ወንድሜ፣ ጥያቄህን ደግሜ አነበብኩት። ሞተር ሳይክልህ ባለ አንድ ሲሊንደር፣ አራት ምት፣ ባለ ካርቡሬተር (ቤንዚንና አየር የሚቀላቅለው) እና ባለ ፑንቲና (እየተከፈተ እሳቱን በሰዓቱ የሚያስነሳው መገናኛ) ነው። ጠዋት ያለ ችግር ይነሳል። ሃያ ደቂቃ ያህል ከሄደ በኋላ ግን መቆራረጥ ይጀምራል። ዳገት ላይ ጉልበት ያጣል፣ አንዳንዴም ጭራሽ ይጠፋል። ትንሽ ካረፈ መልሶ ይነሳል። ካንዴላ (ሲሊንደሩ ውስጥ እሳት የሚያበርቀውን) ቀይረሃል፣ ካርቡሬተሩንም ሁለት ጊዜ አሳጥበሃል፣ ለውጥ የለም። አሁን ደግሞ «አዲስ ካርቡሬተር ግዛ» እየተባልክ ነው።

እባክህ አትቸኩል። የሚጠቅመውን ፍንጭ ራስህ ጽፈኸዋል፤ «ሲሞቅ» ብለሃል። አሮጌ ሞተር ሲቆራርጥ እኔ ከሁሉ በፊት የምጠይቀው መቼ እንደሚቆራርጥ ነው። የተዘጋ ጂግለር (የካርቡሬተሩ ቤንዚን ማሳለፊያ ቀዳዳ) ጠዋትም ማታም ያው ነው፣ ሙቀት አይጠብቅም። ቀዝቃዛ ሆኖ ደህና ሄዶ ሲሞቅ ብቻ የሚያስቸግር ከሆነ የሚጠረጠሩት ጥቂት ናቸው፦ የታንኩ ክዳን፣ ኮይል (ለካንዴላው ከፍተኛ ቮልቴጅ የሚሰጠው)፣ ኮንደንሰር (ፑንቲናው ላይ የሚበርቀውን እሳት የሚያፍነው) እና ክፍተቱ የጠበበ ቫልቭ።

ከክዳኑ ጀምር፣ ምክንያቱም ምንም መፍታት አይጠይቅም። ክዳኑ ላይ አየር ማስገቢያ ትንሽ ቀዳዳ አለች። ቤንዚኑ እየጎደለ ሲሄድ በቦታው አየር መግባት አለበት። ቀዳዳዋ በአቧራ ወይም በዝገት ከተደፈነች ታንኩ ውስጥ ያለው አየር እየሳሳ ቤንዚኑን ይይዘዋል። ካርቡሬተሩ የያዘውን ይጨርስና ሞተሩ ማስነጠስ ይጀምራል። ስታቆም አየሩ ቀስ ብሎ ሾልኮ ይገባል፣ ሞተሩም ይነሳል። ከውጭ ሲታይ ልክ የሙቀት ችግር ይመስላል። አንድ ወዳጄ በዚሁ ምክንያት ኮይል እስከመቀየር ደርሶ ነበር፤ ክዳኑን ስንከፍተው «ፍስስ» ብሎ አየር ሳበ፣ በመርፌ ጠረግናት፣ በዚያው አበቃ። አንተም መቆራረጥ ሲጀምር ዳር ይዘህ ክዳኑን ክፈተው። ወዲያው ጉልበቱ ከተመለሰ አግኝተኸዋል ማለት ነው።

ክዳኑ ንጹህ ከሆነ ሞተሩ በቀዘቀዘበት ሰዓት የቤንዚን ቱቦውን ከካርቡሬተሩ ነቅለህ ወደ ጠርሙስ አፍስሰው። ሳይቆራረጥ መውረድ አለበት። መጀመሪያ ደህና ወርዶ እየቀጠነ ከሄደ ማጣሪያው ወይም የታንኩ ቤንዚን መዝጊያ ውስጥ ቆሻሻ አለ። መዝጊያው በሞተሩ ስበት የሚከፈት ዓይነት ከሆነ ግን ሞተሩ ሳይዞር አይፈስም፣ በዚህ አትደናገጥ። አጠገብህ ሲጋራም ሆነ ማንኛውም እሳት እንዳይኖር።

አሁን ወደ ዋናው ተጠርጣሪ እንምጣ። ኮይል ውስጥ ያለው ሽቦ እጅግ ቀጭን ነው፣ የተለበጠበትም ሽፋን እንደዚያው። ሲያረጅ ሽፋኑ ይደክማል፣ ሽቦውም ቦታ ቦታ ይሰነጠቃል። ቀዝቃዛ ሲሆን ይገናኛል፣ ሲሞቅ ይለያያል። ስለዚህ ቀዝቅዞ እያለ ጋራዥ ብትወስደው «ምንም የለበትም» ይሉሃል፤ እውነታቸውን ነው፣ በዚያች ሰዓት ምንም የለበትም። ፈተናው መደረግ ያለበት ሞተሩ በጠፋበት ቦታ፣ ትኩስ እያለ ነው።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ደህና ትርፍ ካንዴላ ኪስህ ውስጥ ያዝ። ሞተሩ እንደጠፋ የካንዴላውን ኮፍያ ነቅለህ ትርፉ ላይ ሰካው። የትርፉን ብረት ቴስታታው (የሲሊንደሩ ራስ) ላይ አስደግፈው፣ ማሳ (ከሞተሩ ብረት ጋር ግንኙነት) እንዲያገኝ። ከዚያ ማስነሻውን ርገጥ። ሞተሩ ላይ ያለውን ካንዴላ አትፍታው፣ የቤንዚን ትነት እየወጣ አጠገቡ እሳት ማብረቅ አደገኛ ነው። በእጅህም አትያዘው። ወፍራም፣ ሰማያዊ፣ «ጠቅ» የሚል እሳት ከሆነ ጥሩ ነው። ቀጭን፣ ብርቱካናማ ወይም አልፎ አልፎ የሚዘል ከሆነ ደክሟል። አንድ ነገር ግን ልብ በል፤ እሳት በክፍት አየር ላይ መዝለል ይቀለዋል። ሲሊንደሩ ውስጥ በታመቀው አየር መካከል ለመዝለል ብዙ ኃይል ያስፈልገዋል፣ ዳገት ላይ ነዳጅ ስትሰጥ ደግሞ ይብሳል። የደከመ እሳት ሜዳ ላይ ችሎ ዳገት ላይ የሚክድህ ለዚህ ነው።

እሳቱ ደካማ ሆኖ ካገኘኸው ወዲያው ኮይል አትግዛ። መጀመሪያ የካንዴላውን ገመድ እይ። ኮፍያው በብዛት ገመዱ ላይ በጥርስ የታሰረ ስለሆነ አዙረህ ታወጣዋለህ። ጫፉን ስታየው የመዳቡ ክሮች አረንጓዴ ሆነው ወይም ጠቁረው ከሆነ አንድ ሴንቲሜትር ያህል ቁረጥና ንጹሁ መዳብ ላይ መልሰህ እሰረው። ኮፍያው ውስጥም ሬዚስተር ሊኖር ይችላል፣ በብዛት 5 ኪሎ ኦም ነው። በመለኪያ ስታየው ከዚያ በጣም ከራቀ ወይም ጭራሽ ካላነበበ ቀይረው።

ቀጥሎ ፑንቲናውን ክፈት። አንደኛው ፊት ጎድጉዶ ሌላኛው ላይ ጉብታ ከሠራ፣ ሞተሩ ሲዞርም መካከላቸው ትልቅ ሰማያዊ እሳት ከታየህ ኮንደንሰሩን ጠርጥር። ኮንደንሰርም እንደ ኮይል ሲሞቅ የሚከዳ ዕቃ ነው። ፑንቲናውን በደቃቅ ሞረድ አስተካክልና በንጹህ ወፍራም ወረቀት ጥረገው፣ ቅባት እንዳይቀርበት። ክፍተቱ በብዙዎቹ ከ0.3 እስከ 0.4 ሚሊሜትር ነው፣ የአንተን ከመጽሐፉ አረጋግጥ። ካንዴላው ደግሞ ብዙ ጊዜ ከ0.6 እስከ 0.7 ነው፣ አዲስም ቢሆን ለካው።

ቫልቩን ሰዎች ይረሱታል። ክፍተቱ የላላ ቫልቭ ይንኳኳል፣ ሁሉም ይሰማዋል። የጠበበ ግን ዝም ይላል፣ እንዲያውም ሞተሩ ጸጥ ስላለ ደስ ይልሃል። ሲሞቅ የቫልቩ ዘንግ ይረዝምና ቫልቩ ሙሉ በሙሉ መዘጋት ያቅተዋል። እመቃው ይሾልካል፣ ጉልበት ይጠፋል። እንዲህ እያለ ከቀጠለ የጭስ ማውጫው ቫልቭ ይቃጠላል። ምልክቱን እግርህ ይነግርሃል፦ ጠዋት ስትረግጠው የሚከብድህ ሞተር ትኩስ ሲሆን ከላላብህ እዚህ ጋ ቁም። ማስተካከል ያለብህ በደንብ በቀዘቀዘ ሞተር ነው፣ ፒስተኑ እመቃውን ጨርሶ ላይ ሲደርስ።

ችግራቸው ከሙቀት ጋር የማይገናኝ አንባቢዎችም ስላላችሁ ይህችን ልጨምር። የነዳጅ መስጫው ላይ በፕላስተር ሩቡን፣ ግማሹንና ሙሉውን ምልክት አድርጉበት። ሚኒሞ ላይ (ነዳጅ ሳትሰጡ ሞተሩ ሲዞር) እና እስከ ሩብ ብቻ ከቆራረጠ ትንሹ ጂግለር፣ መሃል ላይ ከሆነ የካርቡሬተሩ መርፌ፣ ሙሉ ሲከፈት ከሆነ ትልቁ ጂግለር ነው የሚጠረጠረው። ቾክ ትንሽ ስትስቡ የሚሻለው ከሆነ ቤንዚን አንሶታል፣ ወይም አየር እየሾለከ ይገባል። ካርቡሬተሩንና ቴስታታውን የሚያገናኘው ጎማ ሲያረጅ ይሰነጠቃል፤ በሚኒሞ እያለ ውሃ በስሱ ስትነፉበት ድምፁ ከተለወጠ ስንጥቁ እዚያ ነው። ሞተሩ እየጮኸ ፍጥነት ካልጨመረ ደግሞ ጥፋቱ የፍሪሲዮን ነው። የኋላ ጎማው አንስታችሁ ስታዞሩት ከከበደም ፍሬኑ ይዟል።

ወንድሜ፣ አደራህን ሁለት ነገር በአንድ ጊዜ አትቀይር፣ የትኛው እንዳዳነው አታውቅም። ቀጣዩ ጉዞህ ላይ ትርፍ ካንዴላውን ይዘህ ውጣ። ሲጠፋ መጀመሪያ ክዳኑን ክፈት፣ ካልተለወጠ እሳቱን እይ፣ ከዚያ እርግጫው ላልቶ እንደሆነ ልብ በል። ሦስቱን መልስ እዚሁ ጻፍልኝ፣ ከዚያ ኮይሉን እንዴት በመለኪያ እንደምትለካው አብረን እናየዋለን።