ታኬታዬን የሰጠሁበት ሳምንት

ልጆቼ፣

ይህን የምጽፈው ግቢ ለገባችሁና በቅርቡ ለምትገቡት ነው።

የሕክምና ተማሪ ሳለሁ፣ አንድ ቀን ከኳስ ሜዳ ስመለስ አንድ መምህራችን አየኝ። «ሐኪም ልትሆን ነው ወይስ ኳስ ተጫዋች?» አለኝ። አብረውኝ የነበሩት ሳቁ። በዚያው ሳምንት ታኬታዬን ለአንድ የዶርም ልጅ ሰጠሁት። ከዚያ በኋላ ሠላሳ ዓመት ሜዳ ሳልረግጥ ቀረሁ። መምህሩን አልወቅሰውም። የሚቆጨኝ «ኳስ ትምህርት እንደሚያበላሽ በምን አወቁ?» ብዬ አለመጠየቄ ነው። በእኛ ጊዜ መምህርን እንዲህ ብሎ መጠየቅ የሚታሰብ ባይሆንም።

ይህን የመሰለ ጥያቄ በደንብ የጠየቀ ሐኪም እንደነበር ያወቅሁት ጡረታ ከወጣሁ በኋላ ነው። ጆን ኤድዋርድ ሞርጋን ይባላል፤ በእንግሊዝ አገር ይሠራ ነበር። ኦክስፎርድ ሲማር ጀልባ ቀዛፊ ነበር።

ኦክስፎርድና ካምብሪጅ በጀልባ መጀመሪያ የተወዳደሩት በፈረንጆቹ 1829 ሄንሊ በምትባል ከተማ ነው። ሐሳቡን ያመጡት በልጅነታቸው አብረው የተማሩ ሁለት ጓደኛሞች ናቸው፤ አንዱ ኦክስፎርድ፣ ሌላው ካምብሪጅ ገብተው ነበር። ያን ቀን ኦክስፎርድ አሸነፈ። ከ1856 ጀምሮ ውድድሩ በየዓመቱ ይካሄድ ጀመር።

የዚያን ዘመን ተማሪ ጠዋት ጸሎት ቤት ይገባል፣ ይማራል፣ ከሰዓት በኋላ ወደ ወንዝ ይወርዳል። ማታ ከመምህራኑ ጋር በአንድ አዳራሽ ራት ይበላል። ከዚያ የግቢው በር ይዘጋል፤ ያመሸ ይቀጣል። ለውድድር ሲሰናዱ ደግሞ በቅጡ ያልበሰለ ሥጋ ይበላሉ፣ ቢራ ይጠጣሉ፤ ውኃ ግን በልክ ነው። ጥሬ ሥጋው ለእኛ አይገርምም። ግን ላብ ያጠመቀውን ልጅ ውኃ መከልከል ምን ይባላል? ምክንያቱ ሌላ አይደለም፤ ከነሱ በፊት የነበሩት እንዲያ ያደርጉ ስለነበር ነው።

በ1867 ስኬይ የሚባል ስመ ጥር የቀዶ ሕክምና ሐኪም በታይምስ ጋዜጣ ላይ ጻፈ። ይህ ውድድር የወጣቶቹን ጤና ያበላሻል አለ። ቀዛፊ ልጅ ያላት እናት ስታነብ ምን እንደሚሰማት አስቡት።

ሞርጋን ክርክር ውስጥ ከመግባት ይልቅ ደብዳቤ መጻፍ ያዘ። ከ1829 እስከ 1869 በውድድሩ የቀዘፉትን አንድ በአንድ አፈላለገ፤ የሞቱትን ከዘመድ ከወዳጅ ጠየቀ። 294 ሰዎች ናቸው። ውጤቱን በ1873 አሳተመ። 115ቱ ጠቅሞናል አሉ፣ 162ቱ አልጎዳንም፣ 17ቱ ብቻ ተጎድተናል። ዕድሜያቸውም ከሌላው ሰው በሁለት ዓመት ገደማ እንደሚረዝም አሰላ።

እዚህ ላይ ግን ቆም በሉ። ሞርጋን ያወዳደራቸው ከመላው የእንግሊዝ ሕዝብ ጋር ነው። እነዚህ ልጆች ጠግበው ያደጉ የደህና ቤተሰብ ልጆች ነበሩ፤ የፋብሪካ ጭስ ውስጥ አልኖሩም። ሁለቱን ዓመት የሰጣቸው መቅዘፊያው ነው ወይስ የአባታቸው ገንዘብ? ሥራውን ብወደውም ይህን ሳልጠይቀው አላልፍም።

እኔንም እንዲሁ ጠይቁኝ። በሃምሳ ሁለት ዓመቴ የደም ግፊት መድኃኒት ጀመርኩ። ኳስ ስለተውኩ ነው ብዬ ብነግራችሁ ምክሬ ያምር ነበር። ግን አላውቅም፤ አባቴም ግፊት ነበረባቸው። በእርግጠኝነት የማውቀው ሌላ ነው። ኳስ በተውኩበት ዓመት ውጤቴ አልጨመረም። በሜዳ የማጠፋትን ሰዓት ላይብረሪ ሄጄ፣ መጽሐፍ ላይ ተደፍቼ ተኛሁባት።

ቸካዮች ነን፣ ጊዜ የለንም የምትሉ ደግሞ ማክስዌልን አስቡ፤ የኤሌክትሮማግኔቲዝሙን የፊዚክስ ሊቅ። ካምብሪጅ ሲማር አንድ ሰሞን ከሌሊቱ 8 ሰዓት እስከ 8 ተኩል በኮሪደሩና በደረጃው ላይ ይሮጥ ነበር። በ1854 በሒሳቡ ፈተና ከመላው ዩኒቨርሲቲ ሁለተኛ ወጣ። ጎረቤቶቹ ግን እንቅልፍ ሲያጡ በር ጀርባ አድፍጠው ጫማና የፀጉር ብሩሽ ይወረውሩበት ነበር። እናንተ በጠዋት ብትሮጡ ይሻላል። የኛ ዶርም ልጆችም ጫማ አይስቱም።